ደሴና አካባቢዋ ቀረጻ ላይ ድምፅ እየተቆረጠ ላስቸገራችሁ፦ ይህን ልጅ ልጠቁማችሁ

ዛሬ አንድ ሰው በአደባባይ ላመሰግን ነው። ትንሽ ይረዝማል። ግን ቤቱ ድምፅ የሚቀዳ ሁሉ ይጠቅመዋል ብዬ ነው።

ቧንቧ ውሃ አካባቢ በአንዲት ክፍል ውስጥ ድምፅ እቀዳለሁ። ያለኝ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ሳውንድ ካርድና ሁለት ማይክ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጡልኝ መንዙማ የሚያዜሙ ልጆችና ማሲንቆ ተጫዋቾች ናቸው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ አንድ ችግር ያዘኝ። በቀረጻ መሃል ድንገት ጧ ይላል። አንዳንዴም ድምፁ ለቅጽበት ብጥስ ብሎ ይመለሳል። ሁልጊዜ ቢያደርገው ኖሮ ፈልጌ አገኘው ነበር። ይሄ ግን ሦስት ቀን ሰላም ሰጥቶኝ በአራተኛው ይመጣል። ለሰው ላሳይ ስል ደግሞ የለም።

ያቃጠለኝ አንድ ቀን አለ። ከውጫሌ አንድ ሽማግሌ መጥተውልኝ ነበር። አምባሰልን በማሲንቆ ሲጫወቱት ትንፋሽ ያስይዛሉ። ደግሞ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ አይጫወቱትም፤ ግጥሙም እዚያው ነው የሚመጣላቸው። በጣም ያማረው ቦታ ላይ ሲደርሱ ጧ፣ ጧ አለ። «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ከዚህች ቢደግሙልኝ» አልኳቸው። ደገሙልኝ። ግን ሌላ ሆነ። «ልጄ፣ የቅድሙማ ሄደ» አሉኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ምን ያላደረግኩት አለ? የማይክ ገመድ ቀየርኩ። ዊንዶውሱን እንደ አዲስ አስጫንኩ። አንድ ጥገና ቤት ብወስደው አምስት ደቂቃ እንኳ ሳያዩት «ይሄ ለሙዚቃ አይሆንም፣ ሌላ ግዛ» አሉኝ። ለመግዛት ብድር መጠያየቅ ሁሉ ጀምሬ ነበር።

በዚህ መሃል ነው ጓደኛዬ ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር የሚሠራ ልጅ ጋ የላከኝ። መጀመሪያ የጠየቀኝ «መቼ መቼ ነው የሚያደርገው?» ብሎ ነው። «ዝም ብሎ፣ በፈለገው ሰዓት» አልኩት። «በፈለገው ሰዓትማ አይሆንም» አለና ላፕቶፑን ሳይቀበለኝ መለሰኝ። ደብተር ያዝ አለኝ። ጧ ባለ ቁጥር ሰዓቱን፣ ቻርጀሩ መሰካቱን፣ መብራት መኖሩን፣ የተከፈቱትን ፕሮግራሞች እንድጽፍ ነገረኝ። ሁለት ሳምንት ጻፍኩ።

ደብተሩን ሳቀብለው ገና ቆሞ እያነበበ አገኘው። ዘጠኝ ጊዜ ተመዝግቧል። ዘጠኙም መብራት በሄደበት ሰዓት ነው። ላፕቶፑ በባትሪ ይሠራል፤ ሳውንድ ካርዱም ኃይሉን ከላፕቶፑ ነው የሚያገኘው። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ቀረጻ አላቆምም፤ ነገሩን አገናኝቼ አይቼው አላውቅም። «በቃ፣ ባትሪው ነው» ብዬ ባትሪ ልገዛ ተነሳሁ። «ቆይ፣ ገና አላየነውም» አለኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ ድረስ መጣ። የተበላሸውን ቀረጻ ከፍቶ ሦስት ጊዜ አዳመጠው። ሦስቱም ጊዜ ጧ የሚለው አንድ ቦታ ላይ ነው። «ፋይሉ ውስጥ ገብቷል። ሲያጫውት ብቻ የሚመጣ ቢሆን ቦታውን ይቀያይር ነበር» አለኝ። ድምፁን በስክሪኑ ላይ አጉልቶ አሳየኝ፤ ሞገዱ በመቀስ እንደተቆረጠ ነው። የገመድ ችግር አብዛኛውን ጊዜ ይንኮሻኮሻል እንጂ እንዲህ ጥርት ብሎ አይቆረጥም።

ከዚያ መብራት እያለ ቻርጀሩን ነቀለው። ግማሽ ሰዓት ቀዳን፣ ምንም የለም። ባትሪው ነፃ ወጣ። ቻርጀሩን መልሶ ሰካና አሁን የዋይፋይ ሳጥኑን ብቻ አጠፋ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጧ! ሁለታችንም ተያየን።

ለካ ነገሩ እንዲህ ነው። መብራት ሲሄድ የዋይፋይ ሳጥኑም ይጠፋል። ያኔ የላፕቶፑ ዋይፋይ ካርድ በየጊዜው ኔትወርክ ፍለጋ ይነሳል። ድራይቨሩ፣ ማለትም ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ አሮጌ ስለነበር በፈለገ ቁጥር ፕሮሰሰሩን ለቅጽበት ይይዘዋል። ሌተንሲሞን የሚባል ፕሮግራም አለ፤ የትኛው ድራይቨር እንደሚያዘገይ ስሙን ያወጣል። ሲከፍተው የዋይፋዩ ድራይቨር ከሁሉም በላይ ተቀምጧል። እኔ ደግሞ ባፈሩን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ እንዲቀበለው የሚጠራቀመውን የድምፅ መጠን፣ 128 ሳምፕል ላይ ነበር የማደርገው። ሳምፕል አንዷ የድምፅ ልኬት ናት። በሰከንድ 48,000 ሳምፕል ሲቀዳ 128 ማለት 2.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ኮምፒውተሩ በዚያች ጊዜ ውስጥ ድምፁን ካልተቀበለ ያመለጠው አመለጠ፣ አይመለስም።

ድራይቨሩን ከላፕቶፑ አምራች ገጽ አውርዶ አደሰልኝ። በቀረጻ ሰዓት ዋይፋዩን ከላፕቶፑ ላይ እንዳጠፋው ነገረኝ። ባፈሩንም 256 አደረገው። ያ 5.3 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ባፈሩ ሲጨምር ኮምፒውተሩ ፋታ ያገኛል፣ ድምፁ ግን ትንሽ ይዘገያል፤ እስካሁን የቀዳኋቸው ሰዎች በጆሮ ማዳመጫ ራሳቸውን ሲሰሙ ዘገየ ብለው አያውቁም። ሚክስ ስሠራ፣ ማለትም የተቀዳውን ድምፅ ሳዋህድ ግን ማንም ስለማይዘፍን 1024 ላይ አወጣዋለሁ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ አንዱን ቀይሮ፣ ሞክሮ፣ ከዚያ ነው ወደሌላው የሚሄደው። «ሁለቱን አብረህ ከነካህ የትኛው እንዳዳነህ አታውቅም» ይላል። እኔ ለወራት ሁሉንም በአንዴ ስነካካ ነበር የከረምኩት።

ስድስት ሳምንት አለፈ። መብራት ስንቴ ሄደ፣ አንድም ጧ አልሰማሁም።

የጠየቀኝ 500 ብር ነው። አዲስ ላፕቶፕ ግዛ ቢለኝ አምኜው እገዛ ነበር። ባትሪም ሊሸጥልኝ ይችል ነበር። ግን ምክንያቱን ሳያገኝ አንድ ዕቃ አላስገዛኝም። ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ፣ ክፉ አይንካህ።

ስሙንና ስልኩን በአደባባይ እንዳልጽፍ ነግሮኛል። ከደሴም፣ ከኮምቦልቻም፣ ከሐይቅም የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ ደብተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።

አባባ ደግሞ የፊታችን ቅዳሜ ከውጫሌ ይመጣሉ። መብራት ቢሄድም እንቀዳለን።