የዛፍ ቅርፊት ቅማልና የደብተር ቅማል፣ በምን ይለያሉ?

ባለፈው የጎፍ ደን ሄጄ ጥድ ቅርፊት ላይ ያየኋትን ትንሽዬ ፍጡር ደሴ ቤታችን የእናቴ አሮጌ ደብተር ውስጥ ከምትሮጠው ጋር በስልኬ ካሜራ አጉልቼ አስተያየኋቸው፣ ሁለቱም ቅማል ይባሉ እንጂ ሰው አይነክሱም ይሄን ያዙልኝ።

የዛፏ ሶሲዴ ከሚባለው ቤተሰብ ናት፣ ክንፏን እንደ ጎጆ ጣሪያ ጀርባዋ ላይ ትከድናለች፣ ግንባሯ አበጥ ያለ ነው፣ ክር የመሰለው አንቴናዋ 13 ክፍል አለው፣ የእግሯ ጫፍ ደግሞ 2። ለምደባው ዋናው ግን የክንፏ ደም ስር ነው፣ የፊተኛው ክንፍ የኋላ ጠርዝ ላይ ያለችው ትንሽ ክፍል ከመሀለኛው ስር ጋር ትጋጠማለች፣ እኔ በጣም የምወደው ምልክት ይሄ ነው። የምትበላው ሻጋታና አልጌ ነው፣ ዛፉን አትጎዳም፣ በአላህ መድሃኒት አትርጩባት።

የደብተሯ ሊፖሴሊዲዴ ናት፣ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ጠፍጣፋ፣ አብዛኛውን ጊዜ ክንፍ የላትም፣ የኋላ ጭኗ ወፈር ያለ፣ የእግሯ ጫፍ 3 ክፍል። እርጥበት ካገኘች ጎተራ ውስጥም ትራባለች ስለዚህ እህሉን በደንብ አድርቁት። የሚገርመው እውነተኞቹ የራስ ቅማሎች በዘር የሚቀርቡት ለሷ ነው፣ ለዛፏ አይደለም።