የእንቅስቃሴ ቴክኒክ ለሚያስተምሩ አሰልጣኞች የተዘጋጀ ኮርስ፦ ግምገማ

ይህን የማሰልጠን ክህሎት ኮርስ የወሰድኩት የስኳትን (ጉልበትን አጥፎ ዝቅ ብሎ የመነሣት እንቅስቃሴ) አሠራር ጠንቅቄ ባውቅም ለጀማሪ ማስረዳት ያቅተኝ ስለነበር ነው። ከሁሉ የጠቀመኝ ስለ ቃል መመሪያ የሚያወሳው ክፍል ሲሆን፣ ሠልጣኙ ትኩረቱን በገዛ አካሉ ላይ ከሚያደርግ ይልቅ እንቅስቃሴው በውጭ በሚያስከትለው ውጤት ላይ ቢያደርግ የተሻለ እንደሚማር፣ የእንቅስቃሴ ክህሎት ትምህርት ተመራማሪዋ ጋብሪዬለ ቩልፍና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1998 ካሳተሙት ጥናት ተነሥቶ ያብራራል። ብረት ከወለል የሚያነሣ ሠልጣኜን «ጉልበትህን ዘርጋ» ማለቴን ትቼ «ወለሉን በእግርህ ግፋው» ስለው፣ ቀድሞ ብቻውን ይነሣ የነበረው ዳሌው ከትከሻው ጋር እኩል መነሣት ጀመረ። ሦስት መመሪያ ባንድ ትንፋሽ የመደርደር ልማዴንም (አሁንም አልፎ አልፎ ያመልጠኛል) ቀንሶልኛል። ቪዲዮዎቹ ግን ከፊት ብቻ የተቀረጹ በመሆናቸው የጀርባ መጉበጥ በግልጽ አይታይባቸውም፤ ሠልጣኝን በእጅ ነክቶ ከማረም በፊት ፈቃድ መጠየቅ እንደሚገባም በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ታልፏል።