የሱቄን በር መልሶ ለከፈተልኝ ልጅ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ቀሚስ እሸጣለሁ። ከአራት ሸማኔዎች ጋር ነው የምሠራው። ግማሹ ገበያዬ ግን ሱቄን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ፣ አትላንታ ተቀምጦ ከዌብሳይቴ ላይ ጥለት ይመርጣል፣ ልኩን ይልካል፣ ያዛል። ዌብሳይቱ ጠፋ ማለት ለእኔ የሱቁ በር ተዘጋ ማለት ነው።

የጠፋው ደግሞ ለፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነበር። አንዲት ደንበኛዬ ከአሜሪካ ደወለችና «እህቴ፣ ሥራ አቆማችሁ እንዴ?» አለችኝ። ከፍቼ ሳየው ቀሚሶቼ የሉም። ነጭ ገጽ ላይ ሁለት መስመር እንግሊዝኛ ብቻ። ወገቤ ቁርጥ አለ።

ዌብሳይቱን የሠራልኝ ሰው ስልክ አያነሳም። ሆስቲንጉም (ዌብሳይቱ የሚቀመጥበት የኪራይ ቦታ) ዶሜይኑም (የዌብሳይቱ አድራሻ ስም) የተመዘገቡት በእሱ ኢሜይል እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የሚከፈልበት ካርድ ጊዜው አልፎ ክፍያው ተቋርጧል። ማስጠንቀቂያው ሁሉ ለእሱ ሲላክ ከርሟል። ሦስት ዓመት ሙሉ ገንዘብ ያፈሰስኩበት ቤት ካርታው በሌላ ሰው ስም ነበር።

ሂሳቤን የምትሠራልኝ ልጅ «አንድ የማውቀው አለ» ብላ ይህን ወጣት ላከችልኝ። በማግስቱ ላፕቶፑን ይዞ መጣ፤ ከነጠላው ክምር አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጠ። ስለ ዋጋ አላወራም። መጀመሪያ የጠየቀኝ «እትዬ፣ ገዢዎችዎ የት አገር ናቸው?» ብሎ ነው።

ጥያቄው ለምን እንደሆነ ቆይቶ አስረዳኝ። ሰርቨሩ፣ ማለትም ዌብሳይቱ የተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ ከገዢው በራቀ ቁጥር ገጹ ለመከፈት ይዘገያል። ገዢዎቼ አዲስ አበባ ቢሆኑ ኖሮ በብር የሚከፈል የአገር ውስጥ ሆስቲንግ ይመርጥልኝ ነበር፤ የዶላር ጣጣ የለውማ። የእኔ ገዢ አሜሪካ ስለሆነ ሰርቨሩም እዚያው ሆነ። ካርዱ የወንድሜ ነው፣ አካውንቱ ግን በእኔ ስምና በእኔ ኢሜይል ነው። በዚህ ላይ ድርቅ አለ፤ «እኔም ነገ ብጠፋ እርስዎ መግባት አለብዎት» አለኝ።

ከዚያ በፊት ግን የድሮውን ማትረፍ ነበረበት። የታገደ አካውንት ፋይል ለዘላለም አይቀመጥም። ስለዚህ ያንን የጠፋ ሰው ፈልጎ አገኘው። እኔ ብሆን እሰድበው ነበር። እሱ ግን በትሕትና አነጋግሮ የይለፍ ቃሉን ተቀበለ፣ ውዝፉን አስከፈለ፣ በዚያው ቀን ሙሉውን ኮፒ አወረደ። ዶሜይኑን ወደ እኔ ስም ለማዞር የሚያስፈልገው የማዛወሪያ ኮድም ተጠየቀ። መዝጋቢው ኩባንያ ኮዱን በ5 ቀን ውስጥ መስጠት እንዳለበት ያውቅ ስለነበር አንድ ቀን እንኳ አልተደናገጠም። እኔ ነበርኩ እንቅልፍ ያጣሁት።

አዲሱን ሆስቲንግ የመረጠበትን መንገድ ግን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ልቤን የነካው እሱ ነው። ለሦስት ኩባንያዎች ሌሊት 7 ሰዓት ላይ አንድ ዓይነት ጥያቄ ላከ፦ ዌብሳይቴ በስህተት ቢጠፋ የስንት ቀን ባክአፕ (መጠባበቂያ ኮፒ) ትመልሱልኛላችሁ፣ ታስከፍላላችሁ ወይ? አንዱ የማስታወቂያ ወረቀት ላከ። አንዱ በሦስተኛው ቀን መለሰ። አንዱ ግን በሩብ ሰዓት ውስጥ፣ ሰው የጻፈው መሆኑ የሚታወቅ ቁርጥ ያለ መልስ ሰጠ። የመረጠው እሱን ነው። ዋጋውንም ሲያሳየኝ የመጀመሪያውን ዓመት ቅናሽ አልፎ የሁለተኛውን ዓመት ዋጋ ነው ያሳየኝ። ዌብሳይቱ «99.9 በመቶ» ጊዜ ሳይቋረጥ ይሠራል የሚባለው ዋስትናም በወር 43 ደቂቃ ያህል መጥፋትን እንደሚፈቅድ የሰማሁት ከእሱ ነው። ትልቁን ፓኬጅ ልግዛ ስለው «አይ እትዬ፣ ለእርስዎ ትንሹ ይበቃል» አለኝ። በገዢውና በዌብሳይቱ መካከል የሚላከውን መረጃ ሌላ ሰው እንዳያነበው ለሚያደርገው የደህንነት ሰርተፊኬት ድሮ በየዓመቱ እከፍል ነበር፤ እሱ በነፃ የሚገኘውን ሌትስ ኢንክሪፕትን አደረገልኝ፣ ራሱን በራሱ ያድሳል።

ሁሉም ካለቀ በኋላ አጠገቤ ተቀምጦ አንድ ገጽ አጠፋ። አረንጓዴ ጥለት ያለው የመነን ቀሚስ ገጽ ነበር፣ ብዙ የተሸጠልኝ። ጮህኩ። «ቆይ፣ አሁን ይዩ» ብሎ የትናንቱን ባክአፕ ከፈተና ቀሚሱን መለሰው። ቀጥሎ እኔው ራሴ እንዳጠፋና እንድመልስ አደረገኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ መለስኩት።

ሲሄድ አንድ የደብተር ወረቀት ሰጠኝ። የዶሜይኑ ስም፣ አካውንቱ የተከፈተበት ኢሜይል፣ የሆስቲንጉ እድሳት ቀን በሐበሻም በፈረንጅም አቆጣጠር። የወንድሜ ካርድ የሚያበቃበት ወርም ተጽፏል። ካሽ መሳቢያዬ ውስጥ ለጥፌዋለሁ።

ዌብሳይቱ ፋሲካ አምስት ቀን ሲቀረው ተከፈተ። የዘገዩትን ትዕዛዞች ሸማኔዎቼ ሌሊት ጭምር ሠርተው አደረሱ። ልጁም መጀመሪያ ከነገረኝ ዋጋ ላይ አንድ ብር አልጨመረም። ተባረክ ልጄ፣ እደግ ተመንደግ። እናትህ የወለደችው አንተን ብቻ ቢሆን እንኳ ይበቃታል።

አነስተኛ ንግድ ያላችሁ፣ ዌብሳይት ልታሠሩ ያሰባችሁ ወይም «የእኔ በማን ስም ይሆን?» ብላችሁ አሁን የደነገጣችሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስልኩን ራሱን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ቀን ሌላ ሥራ ስላለው ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ደውሉለት።