ለሲስተር ምስጋና፣ ለወላጆች ጥቆማ

ለልጃችን ሳንባ የተከሉላትን ቀዶ ሐኪሞች ያላመሰገነ ዘመድ የለንም። ይህ ጽሑፍ ግን ለንቅለ ተከላ አስተባባሪዋ ነርስ ነው። ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ ሲስተር እያልኩ እቀጥላለሁ።

ልጃችን የተወለደችው ሰርፋክታንት ፕሮቲን ቢ በማያመነጭ ሳንባ ነው። ይህ ፕሮቲን ከሌለ ጥቃቅኖቹ የአየር ከረጢቶች አየር ሲወጣ ይጣበቃሉ፤ ከረጢቶቹ እንዳይጣበቁ ከውጭ የሚሰጠው ሰርፋክታንት የሚባለው ፈሳሽም የሚያግዘው ለጥቂት ጊዜ ነው። ከመተንፈሻ መሣሪያ ሳትላቀቅ ተራ ጠበቅን። ለሕፃን ደረት የሚመጥን ሳንባ በአብዛኛው የሚገኘው ከሌላ ትንሽ ልጅ ነው። «ለእናንተ የምሥራች የሆነው ስልክ ለሌላ ቤት መርዶ ነው» ብላ ሳትሸፋፍን የነገረችን ሲስተር ናት። ያን ቀን ከፍቶኝ ነበር፤ ዛሬ ስለነገረችን አመሰግናታለሁ።

ከሆስፒታል ከመውጣታችን በፊት ስሪንጅ በውኃ እየሞላን አለማመደችን። ሰውነቷ የተተከለውን ሳንባ እንዳያጠቃ የሚሰጣት ታክሮሊመስ በየ12 ሰዓቱ፣ ጠዋት 2 ሰዓትና ምሽት 2 ሰዓት ላይ ይዋጣል። የሕፃን መጠን ጠብታ ስለሆነ ስሪንጁ ውስጥ የቀረች አንዲት የአየር አረፋ ከመድኃኒቱ ድርሻ ትቀንሳለች። ስለዚህ ስሪንጁን ወደ ላይ አቁሞ በጥፍር ነካ ነካ ማድረግ፣ አረፋዋን ማስወጣት፣ እንደገና መለካት። በደሟ ውስጥ ያለው የመድኃኒቱ መጠን እንዲለካ ደም በሚቀዳበት ቀን ደግሞ የጠዋቱ መድኃኒት ከደሙ በኋላ ነው። አንድ ቀን በልማድ ቀድሜ ሰጠኋትና እየተንቀጠቀጥኩ ለሲስተር ደወልኩላት። «የሰጠሽበትን ሰዓት ጻፊው፣ ነገ እንቀዳለን» አለችኝ፤ ቁጣ የለ፣ ወቀሳ የለ።

በንቅለ ተከላው የሳንባዎቹ ነርቮች ስለሚቆረጡ ከአየር ቧንቧው ስፌት በታች አክታ ቢጠራቀም ልጅቱ እንደ ሌላ ሕፃን ለማሳል አትነሳሳም። አክታው እንዲላቀቅ መዳፌን እንደ ጽዋ አጉብጬ ጀርባዋን መምታት ያስተማረችኝ እጄን በእጇ ይዛ ነው። እጅሽ ይባረክ፣ ሲስተር!

ቅር የሚለኝ ቀጠሮ ላይ መዘግየቷ ነው፤ የምትዘገየው ግን ከሌላ ቤተሰብ ጋር ተቀምጣ ስለሆነ ብዙም አላማርርም።

በዚህ መንገድ ላይ ያላችሁ ወላጆች፣ ስለ ቀዶ ሐኪሙ ብቻ አትጠይቁ። ልጁ ሌሊት መድኃኒቱን ቢያስታውክ በግምት እንዳትደግሙ ስልክ የሚያነሳላችሁ ማን ነው? ሲስተርን ማግኘት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቃዷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ምሽት 2 ሰዓት ላይ ካልመለስኩ ስሪንጅ ይዤ ነው።