ታብ ወደ ስፔስ፣ ስፔስ ወደ ታብ፦ ኤክስፓንድ፣ ሴድ ወይስ ቪም?

ታብና ስፔስ የተደባለቀበት ፋይል ያለው ሰው ችግሩን ያውቀዋል፣ እናንተ ጋ ቀጥ ብሎ የሚታየው ኮድ ሌላ ሰው ኤዲተር ላይ ተንሻፎ ይመጣል፣ ፓይተን 3 ከሆነ ደግሞ ታብ ኤረር ብሎ ጭራሽ አልሰራም ይላል። አንድ አይነት አድርጉት ነው መልሱ፣ እሺ በምን? ሁሉም ቱሎች ነፃ ናቸው፣ ሊኑክስ ወይ ማክ ካላችሁ አብዛኞቹ አሁንም ማሽናችሁ ላይ ተቀምጠዋል፣ ስለዚ እዚህ የምንመርጠው በዋጋ ሳይሆን የትኛው ፋይላችንን አያበላሽብንም በሚለው ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ፣ ታብ ማለት አራት ስፔስ አይደለም፣ ስምንትም አይደለም፣ «ወደሚቀጥለው ማቆሚያ ሂድ» ማለት ነው። ማቆሚያው በየ8 ኮለሙ (ኮለም የአንድ ፊደል ቦታ ነው) ነው እንበል፣ ሶስት ፊደል ተፅፎ ከዛ ታብ ከመጣ የ5 ስፔስ ቦታ ይይዛል፣ ሰባት ፊደል ተፅፎ ከመጣ ግን የ1 ብቻ። አንዳንዱ ቱል ይሄን ያውቃል አንዳንዱ አያውቅም፣ ልዩነታቸው በአብዛኛው ከዚህ ነው የሚመጣው።

ኤክስፓንድ የሚባለው የተርሚናል ኮማንድ ያውቃል። ስራው ታብን ወደ ስፔስ መቀየር ብቻ ነው፣ ምንም ካልነገራችሁት 8 ይወስዳል፣ -ቲ 4 ካላችሁት በ4 ያሰላል፣ ማቆሚያዎቹ እኩል ካልሆኑም በኮማ እየለያችሁ 10,25,40 ብላችሁ መስጠት ትችላላችሁ። ለኔ ግን ትልቁ ነገር -አይ የምትለዋ ናት፣ መስመሩ መጀመሪያ ላይ ያሉትን ታቦች ብቻ ቀይሮ ከፅሁፉ በኋላ ያሉትን አይነካም፣ ማለትም ስትሪንግ (ኮድ ውስጥ በጥቅስ የተቀመጠ ፅሁፍ) ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀመጠ ታብ ካለ ይተርፋል። ኮድ ላይ ያለሷ ባትሰሩ ይሻላል። ችግሩ -አይ የግኑ ቨርዥን ላይ (ብዙ ሊኑክስ ላይ ያለው ማለት ነው) ናት፣ ማክ ላይ ያለው ኤክስፓንድ አያውቃትም፣ ማክ የምትጠቀሙ ኮርዩቲልስ የሚባለውን የግኑ ኮማንዶች ፓኬጅ ለብቻ ጭናችሁ ነው የምታገኟት።

ኤክስፓንድ ላይ ሰው የሚያማርረው ፋይሉን እዛው ላይ አያስተካክልም ብሎ ነው፣ እውነት ነው፣ ውጤቱን ተርሚናል ላይ ይተፋላችኋል በቃ። ታዲያ ሰው ምን ያደርጋል፣ በትልቅ-ነው ምልክት (>) መልሶ ወደዛው ፋይል ይልከዋል፣ ይሄ ደግሞ ፋይሉን ባዶ ያደርገዋል፣ ምክንያቱም ሼሉ (ኮማንዳችሁን ተቀብሎ የሚያስነሳው ፕሮግራም) ኤክስፓንድን ከማስነሳቱ በፊት ፋይሉን ለመፃፍ ከፍቶ ያፀዳዋል፣ ኤክስፓንድ ሲደርስ የሚነበብ ነገር የለም። በሌላ ስም አስቀምጡና በኤምቪ (የፋይል ስም መቀየሪያ ኮማንድ) መልሱት፣ ግን እሱም የራሱ ጣጣ አለው፣ አዲስ ፋይል ስለሆነ ስክሪፕት ከነበረ የመሮጥ ፈቃዱ ይጠፋል። ሞርዩቲልስ የሚባለው ፓኬጅ ውስጥ ስፖንጅ የምትባል ኮማንድ አለች፣ ግብአቱን ሁሉ ጠጥታ ከጨረሰች በኋላ ነው የምትፅፈው፣ ፈቃዱንም አትነካም፣ ለዚ ስራ እሷን እመርጣለሁ።

አሁን ሴድ፣ ፅሁፍ ፈልጎ በሌላ የሚተካ ኮማንድ። የትም ብትጠይቁ ቀድሞ የሚነገራችሁ ይሄ ነው፣ ታብን በአራት ስፔስ ተካ፣ -አይ ጨምር (እዚህ -አይ ትርጉሟ ሌላ ነው፣ ፋይሉን እዛው ላይ ቀይረው ማለት ነው) አለቀ። ፈጣን ነው፣ ሁሉም ቦታ አለ፣ ግን ኮለም የሚባል ነገር አያውቅም። ሁለት መስመር ውሰዱ፣ አንዱ ባለ ሶስት ፊደል ስም ታብ ከዛ ቁጥር፣ ሌላው ባለ ሰባት ፊደል ስም ታብ ከዛ ቁጥር። በ8 ማቆሚያ ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ቀጥታ ላይ ነበሩ፣ ኤክስፓንድ እንደዛው ያቆያቸዋል፣ ሴድ ግን ለሁለቱም እኩል አራት ስፔስ ስለሚሰጥ አንደኛው ቁጥር ከሌላው አራት ኮለም ይርቃል። «እሺ የመስመር መጀመሪያውን ብቻ ልቀይር» ብላችሁ ካሬት (^፣ የመስመር መጀመሪያ ማለት ነው) ብትጨምሩበት ደግሞ የመጀመሪያዋን አንድ ታብ ብቻ ይቀይርና ሁለተኛዋን ሶስተኛዋን ይተዋል፣ ጂ (መስመሩ ላይ ያገኘኸውን ሁሉ ተካ የምትለዋን) ብትጨምሩም ያው ነው፣ ስለዚ አራት ስፔስ ተከትሎት ታብ ያለው መስመር ይወጣል፣ ከበፊቱ የባሰ ድብልቅ ማለት ነው። ሉፕ ፅፎ ማስተካከል ይቻላል፣ ግን እዛ ድረስ ከሄዳችሁ ኤክስፓንድ ምን አደረጋችሁ? ማክ ላይ ያለው ሴድ ከ-አይ ቀጥሎ የባክአፕ ቅጥያ ይፈልጋል፣ ባዶ እንኳን ቢሆን፣ ያንን ሳታውቁ ከሌላ ቦታ ኮፒ ያደረጋችሁት ኮማንድ አይሰራም። ቲአር ደግሞ አንድ ፊደል በአንድ ፊደል ብቻ ስለሚተካ ለዚ ስራ እርሱት።

በተቃራኒው ከስፔስ ወደ ታብ መሄድ ከፈለጋችሁ አንኤክስፓንድ አለ፣ እዚህ ላይ ጥንቃቄ። ሲጀመር ጨዋ ነው፣ መስመሩ መጀመሪያ ላይ ያለውን ስፔስ ብቻ ነው የሚቀይረው። ግን በ8 ነው የሚያስበው፣ ኮዳችሁ በ4 ከሆነ -ቲ 4 ትሉታላችሁ፣ ያኔ ማንም ሳያዘው -ኤ የምትባለዋንም (መሀል ያለውንም ቀይር የምትለዋን) አብሮ ይከፍታል፣ መስመሩ መሀል ያለውን ስፔስ ሁሉ መነካካት ይጀምራል፣ የተደረደሩ ኮሜንቶች፣ ስትሪንግ ውስጥ ያለ ክፍተት ምናምን። ይሄን ለመከልከል --ፈርስት-ኦንሊ መጨመር አለባችሁ፣ ይቺም የግኑ ናት። እንዲህ አይነት ባህሪ ለምን እንደተመረጠ አይገባኝም፣ ግን የነዚህ ኮማንዶች ስታንዳርድ ፖዚክስም እንደዛ ነው የሚለው።

ቪም ተርሚናል ላይ የሚሰራ ኤዲተር ነው፣ ለአንድ ሁለት ፋይል ይመቻል። ታብስቶፕን (የማቆሚያውን ርቀት) ፋይሉ በተፃፈበት ቁጥር ታስተካክላላችሁ፣ ኤክስፓንድታብን (በታብ ፈንታ ስፔስ ተጠቀም የሚለውን) ትከፍታላችሁ፣ ከዛ ሪታብ የሚለውን ትዕዛዝ ትሰጣላችሁ። ያልወደዳችሁትን በዩ ቁልፍ ትመልሳላችሁ፣ የተወሰነ መስመር መርጣችሁም መስራት ትችላላችሁ። ግን ሪታብ መሀል ያለውን ታብም ይቀይራል፣ ስትሪንግ አይለይም፣ ቃለ አጋኖ ስትጨምሩበት ደግሞ ተራ ስፔሶችንም ሰብስቦ ወደ ታብ ሊወስድ ይችላል። መቶ ፋይል ላይ ልጠቀመው የሚል ሰው ይተወው።

ቪም አንድ ቦታ ላይ ግን በግልፅ ይበልጣል፣ አማርኛ ፅሁፍ ላይ። በዩቲኤፍ-8 (ፅሁፍ ፋይል ውስጥ የሚቀመጥበት ኮድ) አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው፣ ብዙ ሊኑክስ ላይ ያለው ኤክስፓንድ ደግሞ የሚቆጥረው ፊደል ሳይሆን ባይት ነው። «ሰላም» ብላችሁ ታብ ብታስከትሉ ለሱ 9 ኮለም አልፏል፣ ስለዚ ቀጣዩ ማቆሚያ 16 ነው ብሎ 7 ስፔስ ይሞላል፣ በፊደል ቢቆጥር ኖሮ 5 ይበቃ ነበር። የመስመር መጀመሪያ ኢንደንት ላይ ይሄ አይነካችሁም፣ በታብ የተደረደረ የአማርኛ ሰንጠረዥ ካላችሁ ግን በቪም ስሩት።

ጭራሽ መነካት የሌለባቸው ፋይሎችም አሉ። ሜክፋይል (ሜክ የሚባለው ቱል የሚያነበው የትዕዛዝ ፋይል) ላይ የኮማንድ መስመሮች በታብ መጀመር አለባቸው፣ ስፔስ ካደረጋችሁት ሚሲንግ ሴፓሬተር ብሎ ይቆማል። ቲኤስቪ የሚባለው የዳታ ፋይል ላይ ታቡ ራሱ መለያ ነው፣ ቀየራችሁት ማለት ዳታውን አጠፋችሁት። የጎ ቋንቋ ኮድ ከሆነ የቋንቋው ማስተካከያ ጎፍምት መልሶ ታብ ስለሚያደርገው በከንቱ ነው የምትደክሙት። ያምል የሚባለው የሴቲንግ ፋይል ደግሞ በተቃራኒው ኢንደንቱ (የመስመር መጀመሪያ ክፍተቱ) ላይ ታብ አይቀበልም፣ እሱን በኤክስፓንድ አፅዱት።

ጊት (የኮድ ለውጥ መከታተያው) ላይ ካላችሁ ቅየራውን ከሌላ ስራ ጋር ሳትቀላቅሉ ለብቻው ኮሚት አድርጉት፣ ከዛ በፊት ለውጥ የሚያሳየውን ጊት ዲፍን በ-ደብልዩ (ክፍተትን አትቁጠር የምትለዋ) አስኪዱት፣ ባዶ ከመጣ ከክፍተት ውጪ ምንም አልተነካም ማለት ነው። ስትሪንግ ውስጥ የተቀየረ ታብም ግን ለሱ ክፍተት ነውና አያሳያችሁም፣ የኤክስፓንድን -አይ ሳትጠቀሙ ከቀየራችሁ ቴስቶቹንም አስኪዱ።