«መጀመሪያ ጆሮውን አስመርምሩት» ላለችን ጋዜጠኛ

ልጄ ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት ከአፉ የሚወጡት ቃላት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ «እማ» እና «ውሃ»። ቤተሰቡ በሙሉ «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» ይለኛል። አማቴም «አባቱም እንዲሁ ነበር፣ ተዪው ልጄ» ይሉኛል። እኔ ግን እንቅልፍ አጥቼ ሌሊቱን ስልኬ ላይ መልስ ስፈልግ አድራለሁ። የማገኘው ሁሉ ወይ የሚያስደነግጥ ነው፣ ወይ መድኃኒት ለመሸጥ የተጻፈ።

አንድ ቀን ጓደኛዬ ከመጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ዘግይተው ስለሚናገሩ ልጆች ነው። የጻፈችው ፍሪላንስ፣ ማለትም ተቀጥራ ሳይሆን በግሏ የምትሠራ ጋዜጠኛ ናት። ጽሑፉ አላስፈራራኝም፣ አልደለለኝምም። ልጁ በስሙ ሲጠራ ይዞራል? የሚፈልገውን ነገር በጣቱ ያሳያል? ዓይን ዓይናችሁን ያያል? እያለ ጠየቀኝ። መሐሉ ላይ አንዲት መስመር ነበረች፦ ስለ ንግግሩ ከመጨነቃችሁ በፊት መጀመሪያ ጆሮውን አስመርምሩት።

ልጄ በጣቱ ያሳያል፣ ዓይኔንም ያያል። ስጠራው ግን አንዳንዴ ይዞራል፣ አንዳንዴ ዝም ይላል። እኛ እልኸኛ ነው ብለን ነበር። ስንት ጊዜ ተቆጥቼዋለሁ።

የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ጋ ወሰድነው። ከጆሮው ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ ተጠራቅሟል። ጉንፋን የሚደጋግማቸው ብዙ ሕፃናት ላይ የሚታይ ነገር ነው። አብዛኛውን ጊዜ አያምም፣ ትኩሳት የለው፣ መግል አይወጣው። ስለዚህ ወላጅ በምን ያውቃል? ልጁ ግን የሚሰማው ውሃ ውስጥ ጠልቆ እንደሚሰማ ሰው ነው። ብዙውን ጊዜ በሦስት ወር ውስጥ በራሱ ይጠፋል ስለተባልን በክትትል ቆየን። የልጄ አልጠፋም። በትንሽ ቀዶ ሕክምና ታምቡሮቹ ላይ ትንንሽ ቱቦ ገባለት።

በሦስተኛው ቀን ታክሲ ውስጥ ከኋላችን አንድ ሰው «ወራጅ አለ!» አለ። ልጄ ዘወር ብሎ አየው። እዚያው አለቀስኩ።

ንግግሩ በአንድ ጊዜ አልመጣም፣ ወራት ፈጀ። ዛሬ ግን ከመዋለ ሕፃናት ሲመለስ የቀኑን ወሬ ሁሉ ይነግረኛል።

ያኔ ነው ጋዜጠኛዋን ላመሰግናት የፈለግኳት። አራት ኪሎ ቡና እየጠጣን ስለ ሥራዋ ጠየቅኳት። ጋዜጣ ላይ ተቀጥራ ነበር የጀመረችው። ጋዜጣው ሲዘጋ በግሏ መሥራት ቀጠለች። የምትጽፈው ስለ ጤና፣ ስለ ልጅ አስተዳደግና ስለ ትምህርት ነው። ለእሷ ሦስቱ አንድ ናቸው። በደንብ የማይሰማ ልጅ ክፍል ውስጥ ሰነፍ ይባላል፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ባለጌ። እኔ ይህን በልጄ አይቼዋለሁ።

አሠራሯ ነው የገረመኝ። አንድ ሐኪም ስለነገራት ብቻ አትጽፍም፣ ሌላ ሐኪም ትጠይቃለች። በክትባት ቀን ጤና ጣቢያ ሄዳ እናቶች አጠገብ ትቀመጣለች፣ ሕመሙን በምን ስም እንደሚጠሩት ትሰማለች፣ በዚያው ስም ትጽፈዋለች። የልጅ ስምና ፊት አታወጣም። አንድ የግል ክሊኒክ ከፍሎ ስሙ በጽሑፏ ውስጥ እንዲወደስ ጠይቋት እምቢ ብላለች። ያውም የሚከፈላት በጻፈችው ጽሑፍ ቁጥር ሆኖ፣ ትራንስፖርቱም የስልክ ካርዱም ከኪሷ ሆኖ። ጽሑፏ ከወጣ በኋላ ብሩ እስኪገባ ወራት የጠበቀችበት ጊዜ አለ።

ስለ መስማት ችግር የጻፈችውን ሌላውን ጽሑፏንም ፈልጌ አነበብኩ። በልጅነት ከሚመጣው የመስማት ችግር 60 በመቶ ያህሉን መከላከል እንደሚቻል የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጽ ያወቅኩት ከእሷ ነው። ኩፍኝ ጆሮ እንደሚጎዳም እንዲሁ። እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፦ የኩፍኝ ክትባት 9 ወር ላይ አያበቃም። ሁለተኛው በ15 ወር ነው፣ አገራችን ውስጥም ከ2011 ጀምሮ ይሰጣል። የልጃችሁን የክትባት ካርድ አውጥታችሁ እዩ።

በ2017 ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጃገረዶች የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት ሲሰጥ እኛ ትምህርት ቤት «መካን ያደርጋል» የሚል ወሬ ገባ። እኔ የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት አባል ነኝ። ለወላጆች አንድ ገጽ እንድትጽፍልን ለመንኳት። ወዲያው አልጻፈችም። መጀመሪያ የፈሩትን እናቶች አገናኙኝ አለች። ከአንድ ሰዓት በላይ አዳመጠቻቸው፣ አንዴም አልተከራከረቻቸውም። ከዚያ ክትባቱ ምን እንደሚከላከል፣ ለምን በዚያ ዕድሜ፣ ካንሰሩን የሚያመጣው ቫይረስ ሳይደርስባቸው በፊት እንደሚሰጥ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚወጉ ጻፈች። ረቂቁን ለእነዚያው እናቶች አነበበችላቸው። ግር ያላቸውን ቦታ ሁሉ እንደገና ጻፈችው። በጣም ስትቃወም የነበረችው እናት ልጇን ራሷ ይዛ መጣች።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ፈጣን አይደለችም። ለነገ ይድረስልኝ ለሚል ሰው አትሆንም። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ስጧት።

ትምህርት ቤት ያላችሁ፣ መጽሔት ወይም የሬዲዮ ዝግጅት የምታዘጋጁ፣ ለወላጆች የሚሆን ጽሑፍ የምትፈልጉ ድርጅቶች፣ ከልቤ ነው የምጠቁማችሁ። ስታሠሯት ግማሹን ቅድሚያ ክፈሏት፣ ትራንስፖርቷን ሸፍኑላት፣ የቀረውንም ሥራው ሲያልቅ ስጧት። ስሟን እዚህ ያልጻፍኩት አስቀድሜ ስላላስፈቀድኳት ነው። የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠይቄያት ስልኳን እሰጣችኋለሁ።

እህቴ፣ ይህን ካነበብሽው፦ ልጄ ትናንት ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ ከክፍሉ ሆኖ በሹክሹክታ «እማ፣ ተኛሽ?» አለኝ። እኔም በሹክሹክታ መለስኩለት። ሰማኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።