ምን እንማር? ባለሙያ ይወስን ወይስ ሕዝብ?

ይህን ጥያቄ ሳነሳ ሁሌም ወጋጎዳ ትዝ ይለኛል።

የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎች በጣም ይቀራረባሉ። ይህ የቋንቋ ባለሙያዎች የሚመሰክሩት ሐቅ ነው። ከአራቱ ስም የመጀመሪያ ፊደላት ተወስደው «ወጋጎዳ» የተባለ የመማሪያ ቋንቋ ተሠራ፤ መጽሐፍም ታተመ። ወጪው ሲታሰብ ያዋጣ ይመስላል፤ አንድ መጽሐፍ ለአራት ሕዝብ። ሕዝቡ ግን በወጉ አልተጠየቀም። በ1992 ዓ.ም. ወላይታ ሶዶ ላይ ቁጣው ገነፈለ። የሰው ሕይወት ጠፋ። በመጨረሻ መጽሐፉ ከትምህርት ቤት ወጣ። ለመማሪያ መጽሐፍ ሰው መሞቱ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ታዲያ ሕዝብ ሁሌ ልክ ነው? አይደለም። ብዙ የከተማ ወላጅ ልጁ ገና ከመዋዕለ ሕፃናት በእንግሊዝኛ እንዲማር ይፈልጋል። ባለሙያው ደግሞ መጀመሪያ በአፍ መፍቻው ማንበብ ይልመድ ይላል። እዚህ ላይ እኔ ከባለሙያው ጋር ነኝ። ያልገባውን ቃል የሸመደደ ልጅ ማንበብ ቻለ አይባልም።

ልጅ እንዴት እንደሚማር ባለሙያው ያውቃል። «ይህ የእኔ ቋንቋ ነው፣ ያ አይደለም» የሚለው ግን ተናጋሪው ነው። የወጋጎዳ ረቂቅ ከመታተሙ በፊት በየቀበሌው ለወላጆች ቢነበብ ኖሮ፣ መልሱ ያኔውኑ ይሰማ ነበር።